በእህቷ መጠን የተወጋችው ሴት፦ የአንድ የክብደት መቀነሻ መርፌ ጉዳይ

ሰኞ ጠዋት በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍታ ገባች። ዕድሜዋ 47 ነው። ምላሷ ደርቆ ከላንቃዋ ጋር ስለሚጣበቅ ንግግሯ ይቆራረጥ ነበር። የእጇን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው እንደተቆነጠጠ ትንሽ ቆየ። የደም ግፊቷ 86 በ54፣ የልብ ምቷ በደቂቃ 118። ሌሊት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቃ ግንባሯ አብጧል። «ምን ሆኑ?» ስላት «ሆዴን ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስመልሰኝ ከረመ» አለች። ትኩሳት የለም፣ ተቅማጥ የለም፣ አብሯት በልቶ የታመመ ሰውም የለም።

የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ከቦርሳዋ ሁለት የግፊት እንክብሎች አወጣች፤ 10 ሚሊግራም ኢናላፕሪልና 25 ሚሊግራም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። «ሌላስ?» «ሌላ የለም።» «በመርፌም ቢሆን፣ ከሰው ያገኙትም ቢሆን?» ስላት አጠገቧ የቆመችውን ታናሽ እህቷን አየች። እህቷ ደግሞ ወለሉን አየች።

ማንነቷን የሚጠቁመውን ነገር ሁሉ ትቼ ጉዳዩን የምጽፈው ስለዚያ ዝምታ ነው። ስለ መርፌው የተነገረኝ በሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ ባልደጋግም ኖሮ የሆድ ቁርጠት ብዬ ልሸኛት እችል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቷ የስኳር ታማሚ ናት። ኦዜምፒክ የሚባለውን፣ እስክሪብቶ የሚመስለውን የሴማግሉታይድ መርፌ መውሰድ ከጀመረች ከዓመት በላይ ሆኗታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ልብሷ ሁሉ ሰፍቷታል። ታላቅየው ደግሞ ሦስት ጊዜ በአመጋገብ ቀንሳ ሦስት ጊዜም የቀነሰችውን ከነወለዱ የመለሰች ሰው ናት። ሐሙስ ማታ እህትየው አዲስ መርፌ ገጠመችና በራሷ መጠን፣ ማለትም 1 ሚሊግራም፣ የታላቅ እህቷ ሆድ ላይ ወጋቻት። ለጀማሪ የሚሰጠው 0.25 ሚሊግራም ነው። አራት እጥፍ ማለት ነው፤ እህትየው ግን ራሷ ያን መጠን ለመልመድ ሁለት ወር እንደፈጀባት ረስታው ነበር።

ውጤቶቹ ሲመጡ ሥዕሉ ተሟላ። የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው፣ ከሦስት ወር በፊት 0.8 የነበረው ክሪያቲኒን 2.3 ደርሷል፤ ኩላሊቷ በሦስት ቀን ውስጥ ከሥራው ተስተጓጉሏል። ፖታሲየሟም ወርዶ 3.2 ሆኗል። የቆሽት ቁጣ እንዳይሆን ሊፔዝ ለክተን ደኅና ሆነ። የእርግዝና ምርመራም አደረግን። በ47 ዓመቷ ይህን ስትሰማ በዚያ ሁኔታዋ እንኳ ፈገግ ብላ ነበር፤ ነገር ግን የምታስመልስ ሴት ሳትመረመር አትታለፍም። የደም ስኳሯ 88 ነው። ይህን ያየ ወጣት ሐኪም «የስኳር መድኃኒት ተወግታ ስኳሯ እንዴት አልወረደም?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ጥሩ ነበር። ሴማግሉታይድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋው የደም ስኳር ከፍ ሲል ነው፤ ሲወርድ ግፊቱን ያላላል። ስለዚህ ብቻውን ሲወሰድ፣ በተለይ ስኳር በሌለበት ሰው ላይ፣ ስኳርን አደገኛ ደረጃ ድረስ ማውረዱ ብዙ የሚያጋጥም አይደለም። ያለ ሐኪም የሚወስዱትን ሰዎች የሚያዘናጋቸውም ይኸው ይመስለኛል። አደጋ ሲባል የሚጠብቁት የስኳር መውረድን ነው፤ እሷን የጣላት ግን የውኃ ማጣት ነበር።

መድኃኒቱ ከምግብ በኋላ አንጀታችን የሚለቀውን ጂኤልፒ ዋን የተባለ ሆርሞን ይመስላል። ተፈጥሯዊው ሆርሞን በደም ውስጥ የሚቆየው ደቂቃዎች ብቻ ነው። ሳይንቲስቶች ብዙ የሚቆይ አቻ ሲፈልጉ የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው በአሜሪካና በሜክሲኮ በረሃ ከሚኖር ጊላ ከተባለ መርዛማ እንሽላሊት ምራቅ መሆኑን ስሰማ እስካሁን ይገርመኛል። ከዚያ ፍንጭ የተሠራው ኤክሴናታይድ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወጋ ነበር። ሴማግሉታይድ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃዋል፤ ምክንያቱም መጠኑ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ራሱ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ሲስማማ ይህ ምቾት ነው። በዝቶ ከተወጋ ግን የሚያወጣው ማርከሻ የለም፤ ከሰውነት ጠርቶ እስኪወጣ አምስት ሳምንት ያህል መጠበቅ ነው። እንደ ብዙዎቹ በየቀኑ የሚዋጡ እንክብሎች ቢሆን ኖሮ ነገ አትዋጪ ይባል ነበር። የሐሙሱ መርፌ ግን ሰኞም ማክሰኞም እየሠራ ነበር።

ማስመለሱ ብቻውን ኩላሊቷን እዚህ ያደርሰው ነበር? አይመስለኝም። ሦስቱንም ቀን፣ እያስመለሰች፣ ጠዋት ጠዋት ሁለቱን የግፊት እንክብሎች ውጣለች። «ለምን?» ስላት ግራ ተጋብታ አየችኝ። «የግፊት መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቋረጥም ብላችሁኝ የለም እንዴ?»

ብለናል። በየክትትሉ ብለናል። ያላልነው ቀጣዩን ዐረፍተ ነገር ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ውኃና ጨው በሽንት ያስወጣል። ኢናላፕሪል ደግሞ ከኩላሊት ማጣሪያ የሚወጣውን የደም ሥር ያሰፋል። ሰውነት ውኃ ሲጎድለው ኩላሊት ራሱን የሚከላከለው ይህንኑ የደም ሥር በማጥበብ ነው፤ መድኃኒቱ መከላከያውን ይነጥቀዋል። በደኅና ቀን ሁለቱም ጠቃሚ መድኃኒቶች ናቸው። ውኃ በሆድ በማይቆይበት ቀን ግን ለጊዜው መቆም አለባቸው፤ ይህን የነገራት ሰው አልነበረም፤ እኔም ብሆን። ታካሚዋ ጥፋት ሠርታለች ብዬ ልጽፍ ብዕሬን ሳነሳ ይህ ፊቴ ላይ ይቆማል፤ የታዘዘችውን በታማኝነት በመፈጸሟ ነው ኩላሊቷ የተጎዳው።

አስተኛናት። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ሦስት ሊትር ፈሳሽ በደም ሥር ተሰጣት፣ እንክብሎቹ ቆሙ፣ ማስመለስን የሚያስታግስ መድኃኒት ተጨመረ። በአራተኛው ቀን ክሪያቲኒኗ 1.1 ሆነ። ማቅለሽለሹ ግን እስከ አሥረኛው ቀን አልለቀቃትም። የመርፌው ጫፍ ሲለወጥ እስክሪብቶው ንጹሕ ይሆናል ብለው ስለተዋዋሱት የሁለቱም ደም ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲና ለኤችአይቪ ተመረመረ። በወጉ ጊዜ ጥቂት ደም ወደ መድኃኒቱ መያዣ ሊመለስ ስለሚችል ጫፉ ቢቀየርም እስክሪብቶ አይዋዋሱም። ምርመራው ሁለት ጊዜ ተደርጎ ሁለት ጊዜም ነጻ ሆነ።

በሁለተኛው ቀን ያልጠበቅነው ነገር ተከሰተ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ አስታማሚዋ እህት አልጋው ዳር እንደተቀመጠች ላብ በላብ ሆነች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። ነርሷ ጣቷን ወግታ ስትለካ ስኳሯ 52 ነበር። ጭማቂ አጠጣናትና ተረጋጋች። «ሁልጊዜ እንዲህ ያደርገኛል፤ መርፌው ሲሠራ ነው» አለችን። መርፌው አልነበረም። ከድሮ ጀምሮ የምትወስደው ግሊቤንክላማይድ ነው። ይህ እንክብል ስኳር ከፍ ይበል ዝቅ ይበል ሳይመርጥ ቆሽትን ኢንሱሊን ያስመነጫል። ሴማግሉታይድ ተጨምሮበት የምግብ ፍላጎት ሲቀንስ መጠኑ መቀነስ ወይም መቆም ነበረበት፤ ማንም አላየላትም። ዓመት ሙሉ እየራባት ሳይሆን እየተንቀጠቀጠች ከረሜላ ስትበላ ኖራለች። የሁለቱ እህቶች ታሪክ አንድ ሆኖ የታየኝ ያን ጊዜ ነው። ሁለቱንም የጎዳቸው አዲሱ መድኃኒት ብቻውን ሳይሆን ሲጨመር ማንም መለስ ብሎ ያላያቸው አሮጌዎቹ መድኃኒቶች ናቸው።

ታካሚዬ ከሆስፒታል ልትወጣ ስትል የጠየቀችኝ ጥያቄ ባልደረቦቼን ከፋፈለ። «ዶክተር፣ በሥርዓቱ ብጀምረውስ?» አንዳንዶቹ ትምህርት ካልሆናት ምን ሊሆናት ነው አሉ። እኔ አልተስማማሁም። ሴትዮዋ 92 ኪሎ ናት፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ63፤ ክብደቷ ለቁመቷ ሲሰላ 34.6 ይመጣል። ግፊት አለባት፣ የሦስት ወር አማካይ ስኳሯ 6.1 በመቶ ነው፤ የስኳር በሽታ ደፍ ላይ ቆማለች። ለክብደት የሚታዘዘው ሴማግሉታይድ፣ በሌላ ስሙ ዌጎቪ፣ በ2021 በአሜሪካ ሲፈቀድ መስፈርቱ ምጣኔው 30 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ከ27 ጀምሮ ከክብደት ጋር የተያያዘ ሕመም ያለበት የሚል ነበር። መስፈርቱን ታሟላለች። የወደቀችው መድኃኒቱ ስለማይገባት ሳይሆን አወሳሰዱ የሌላ ሰው ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ሜትፎርሚንን አነሣሁላት፤ አሮጌ፣ የታወቀ፣ ደኅንነቱ የተፈተነ ነው። እውነቱን ግን አልደበቅኋትም። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው ከ3,200 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት የአሜሪካ የስኳር መከላከል ጥናት ሜትፎርሚን የወሰዱት በአማካይ የቀነሱት ሁለት ኪሎ ገደማ ነው፤ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ የተደገፉት ደግሞ አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ። ስኳርን በመከላከልም የበለጡት እነዚሁ ናቸው። ሴማግሉታይድ በ2.4 ሚሊግራም በ2021 በታተመው ጥናት፣ በ68 ሳምንት ውስጥ፣ በአማካይ ከክብደት 14.9 በመቶ አስቀንሷል። የስኳር በሽታ በሌለባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነው። ከመድኃኒቱ ተጠቃሚዎች 44 በመቶ ያህሉ ግን ማቅለሽለሽ ገጥሟቸዋል፤ ካቆሙ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል። ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ደገምኩላት። ለሠርግ ወይም ለፎቶ የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም፤ እንደ ግፊት መድኃኒት ነው፤ ሲያቆሙት ሥራውን ያቆማል።

ከዚያ ጥያቄዎቹ መጡ። በእሷም ሆነ በቤተሰቧ ሜዱላሪ የተባለ የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር ነበረ? ቆሽቷ ተቆጥቶ ያውቃል? የሐሞት ጠጠርስ? ምግብ ሆዷ ውስጥ የመቆየት ችግር አለባት? ማርገዝ ታስባለች? ለምታስብ ሴት ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት መቆም አለበትና። ራሷን ከምግብ አብዝታ የመከልከል ወይም በልታ ሆን ብላ የማስመለስ ልማድ ነበራት? ይህኛውን ጥያቄ ብዙ ሐኪም ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን ከታይሮይዱ እኩል ነው፤ ከምግብ ጋር ጠብ ላለበት ሰው የምግብ ፍላጎትን የሚዘጋ መርፌ መስጠት እሳት ላይ ጋዝ እንደ መጨመር ነውና። ሁሉንም የለም አለች። ስድስት ሳምንት ጠበቅን፤ ክሪያቲኒኗ 0.8 ሆነ። ሃይድሮክሎሮታያዛይዱን ጨርሶ አቆምኩ፣ ኢናላፕሪሉን አስቀጠልኩ፣ የግፊት መለኪያ ቤቷ አስገባች።

አንዲት ወረቀት በእጄ ጻፍኩላት። «ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ካለና የጠጡት ውኃ ካልቆየ፣ ኢናላፕሪል 10 ሚሊግራሙን ያን ቀን አይውሰዱ። በየጥቂት ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ይጎንጩ። አንድ ቀን ካለፈ፣ ሽንት ከጠቆረ ወይም ሲነሡ ካዞረዎት ይምጡ። ወደ ጀርባ የሚዘልቅ የማይለቅ የሆድ ሕመም፣ በቀኝ ጎድን ሥር የሚወጋ ሕመም ከትኩሳት ጋር፣ የዐይን ብርሃን በድንገት መቀነስ፤ ጊዜ ሳይሰጡ ይምጡ።» ማቀዝቀዣዋ በር ላይ ለጠፈችው።

በ0.25 ጀመርን። አራት ሳምንት ቆይታ የቀነሰችው 1.1 ኪሎ ብቻ ነበርና ፊቷ ወደቀ። ይህ መጠን ሆድን ለማስለመድ እንጂ ለመቀነስ እንዳልሆነ አስቀድሜ ነግሬያት ነበር፤ ሚዛን ላይ ለቆመ ሰው ግን እንዲህ ያለ ማብራሪያ አይገባም። በ0.5 ሁለት ቀን አቅለሸለሻት፤ ጠገብኩ ስትል ሁለት ጉርሻ ጨምራ እንደምትበላ ስለደረስንበት መጥገቧ ሲጀምር ሳህኑን እንድትገፋ ተስማማን። ዘጠነኛው ሳምንት ላይ 1 ሚሊግራም ደረሰ፤ የጣላት ያው መጠን። ያን ማታ እስክሪብቶውን ይዛ ብዙ እንደተቀመጠች ነግራኛለች። ቁልፉን እየቆጠረች አዞረችው፣ ወጋች፣ አጠገቧ ባልዲ አስቀምጣ ተኛች። ጠዋት ነቅታ ባልዲውን ባዶውን መለሰችው።

በአራተኛው ወር 84.5 ኪሎ ነበረች። ደስታዋ አይነገርም። እኔ ግን በየክትትሉ ከማደርጋት አንድ ቀላል ሙከራ የተነሣ አልተደሰትኩም። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር አምስት ጊዜ ተነሥቶ መቀመጥ ነው። ስትጀምር በ11 ሴኮንድ ትጨርስ ነበር፤ አሁን ሰውነቷ ቀሎ 14 ሴኮንድ ወሰደባት። አምስተኛው ላይ በእጇ ጉልበቷን ተደገፈች። ቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንደምትበላ ነገረችኝ፤ በኩራት። በዚህ መድኃኒት ከሚሄደው ክብደት ከሩብ እስከ አርባ በመቶው ስብ ያልሆነ፣ ጡንቻ ያለበት የሰውነት ክፍል እንደሆነ ጥናቶች አሳይተዋል። ሚዛን ሁለቱን አይለይም፤ ወንበሩ ግን ይለያል። መጠኑን ልንጨምር የነበረውን ተውነው። ረሃብ ባይኖርም ሰዓት ጠብቃ በቀን ሦስት ጊዜ እንድትበላ፣ በየማዕዱም መጀመሪያ ፕሮቲን ያለውን እንድታነሣ፣ በሳምንት ሁለት ቀን በላስቲክ ገመድና በዚያው ወንበር ጡንቻ የሚያሠሩ እንቅስቃሴዎችን እንድታደርግ አዘዝኩ። በስድስተኛው ወር 10 ሴኮንድ ሆነ። በዚያው ሰሞን ስትነሣ ያዞራት ጀመር፤ ግፊቷ 104 በ66 ወርዷል። ኢናላፕሪሉን ወደ 5 ሚሊግራም ዝቅ አደረግሁት። ሰውነት ሲቀንስ የመድኃኒቱ ልክም አብሮ ይቀንሳል።

በስምንተኛው ወር መድኃኒቱ ከገበያ ጠፋና ሦስት መርፌ ተከታትሎ አለፋት። አንድ የምታውቀው ሰው በስልክ ሥዕል ላከላት፦ ትንሽ ጠርሙስ፣ የኢንሱሊን መርፌ፣ መጠኑም በሚሊግራም ሳይሆን በ«ዩኒት» የተጻፈ። «ያው ነው ይላሉ» አለችኝ። ያው አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2024 ያወጣው ማስጠንቀቂያ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ይዘው መጠን የተሳሳቱ ሰዎችን የሚመለከት ነው፤ አንዳንዶቹ ከታሰበላቸው ከ5 እስከ 20 እጥፍ ወግተዋል። በ2023 ደግሞ በኦስትሪያ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ የተጠቀሙ ሰዎች ስኳራቸው ወርዶ ሆስፒታል ገብተዋል፤ ውስጡ ኢንሱሊን ሳይሆን አልቀረም ተብሏል። በ2024 የዓለም ጤና ድርጅትም ስለ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሥዕሉን አጥፍታ ባዶ እጇን ጠበቀች። ትክክለኛው ሲገኝ በ1 ሚሊግራም ልትቀጥል ፈልጋ ነበር፤ በመካከሉ ሆዷ መላመዱን ስለረሳ ወደ 0.5 መለስኳትና እንደገና ወጣን።

በአሥረኛው ወር 80.6 ኪሎ ደረሰች፤ ከመነሻዋ 12.4 በመቶ ቀንሳለች። ለክብደት የሚታለመው 2.4 ሚሊግራም ስለሆነ ብዙ ሐኪሞች በዚህ ላይ መጠን ይጨምራሉ። እኔ አልጨመርኩም። በ1 ሚሊግራም ትበላለች፣ ትሠራለች፣ አታስመልስም፣ ግፊቷ በግማሽ መድኃኒት ልክ ይዟል፣ የሦስት ወር ስኳሯ 5.5 ነው። ተጨማሪ አራት ኪሎ ለማግኘት ይህን ሰላም አላውክም አልኩ። በዚህ የማይስማማ ባልደረባ አለኝ፤ ክርክራችን አላለቀም።

አሁን አሥራ አራተኛ ወሯ ነው፤ ክብደቷ 80.9። እህቷ ግሊቤንክላማይዱን ካቆመች ወዲህ ከረሜላ መያዝ ትታለች፤ እስክሪብቶዋንም ለማንም አታውስም። ባለፈው ክትትል ታካሚዬ ማቀዝቀዣ በር ላይ የነበረችውን ወረቀት ይዛ መጣች። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ጫፉ በውኃ ተቆራምዷል። «ዶክተር፣ በአዲስ ይጻፉልኝ» አለች። ያንኑ ቃል በቃል ገለበጥኩላት፤ ከኢናላፕሪሉ ቀጥሎ ያለውን 10 ብቻ 5 አደረግሁት።